አሠሪዬን ያጣሩልኝ ሽማግሌዎች

ዲፕሎማዬን በፌስታል ይዤ ሶዶን ስዞር ሁለት ወር ሞልቶኝ ነበር። የጫማዬ ሶል ተበልቶ አስፋልቱን በእግሬ ስለምረግጥ ይሁን አላውቅም፣ ዓይኔ ያረፈው አንድ ጫማ ቤት በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። «ሴት የሽያጭ ሠራተኛ እንፈልጋለን። አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የምትችል» ይላል። «አስተማማኝ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። እኔ ግን የላይኛውን ብቻ አንብቤ ዘው አልኩ።

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ይባላሉ፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለንግድ ከስልጤ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙት አያታቸው ናቸው። ሐጂ ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ስለሆኑ ወላይትኛን ከእኔ ፈጥነው ነው የሚናገሩት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ዓይናቸው ጫማዬ ላይ ቆመ። እግሬን ከባንኮኒው ሥር ሸሸግኩ።

«ከየት ነሽ?»

«ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ።»

«ሽያጭ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ገበያ ወጥቼ ማንጎ ሸጬ አውቃለሁ።»

«ማንጎ ቁጥር የለውም። ጫማ ቁጥር አለው» አሉ፤ ቢሆንም ፈገግታቸውን አየሁት።

ከመሳቢያቸው አራት ገጽ ፎርም አወጡ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ያገኙትን ፎርም ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ያስገለበጡት ነው። ስለዚህ «የመዝገብ ቁጥር»፣ «የሥራ መደቡ ደረጃ»፣ «የሚያገለግሉበት ዳይሬክቶሬት» የሚሉ ሳጥኖች ሁሉ አሉበት። ሱቁ ሁለት በር ነው። «ዳይሬክቶሬት የሚለውን ዝለይው» አሉኝ በቁም ነገር። «ዋስ የሚለውን ግን አትዝለይ። ወይ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ወይ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ለሌላ ሰው ደግሞ ዋስ ያልሆነ። አንድ ሳምንት ሰጥቼሻለሁ።»

ስወጣ፣ ጎን ካለው ሱቅ ጨርቅ የምትሸጥ ልጅ በእጇ ጠራችኝ። «ከአንቺ በፊት የነበረችው በሌብነት ተጠርጥራ ነው የወጣችው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጫማ ጠፋ ተብሎ። ከዚያ ወዲህ ሐጂ እንዲህ ሆኑ።»

«እውነት ወስዳ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቃት ልጅ ግን የሰው ነገር አትነካም ነበር።»

ዘወር ስል በሩ ላይ ለዕይታ የተሰቀሉት ጫማዎች ሁሉ የቀኝ እግር ብቻ መሆናቸውን አስተዋልኩ። ሌባ መንትፎ ቢሮጥ አንድ እግር ይዞ ነው የሚሮጠው ማለት ነው። በብልሃቱ ሳቄ መጣ። እንዲህ ከሚጠነቀቅ ሰው ጋር መሥራቱ ግን አስፈራኝ።

ሳምንቱ ዋስ ፍለጋ አለቀ። ገሱባ ከተማ የሚያስተምር አጎት አለኝ፤ እሱ ለሚስቱ ወንድም ቀድሞ ፈርሟል። ወረዳ የሚሠራው የሰፈራችን ሰው ደግሞ ባለቤቱን አማክሮ ሊነግረኝ ቃል ገባልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሣም። ዛሬ ሳስበው አልፈርድበትም፤ እኔ ባጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። የዚያን ቀን ግን ፈርጄበታለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ ሾፌሩ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ።

ሥራው ለእኔ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘሁ የተከራየኋትን ክፍል ለቅቄ ወደ ቤት እንድመለስ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል። ቤት ማለት በቆሎ መኮትኮትና «ተምራ ተምራ መጣች» የሚሉ ጎረቤቶች ማለት ነው። ከተማ መቅረቴ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ቆሞ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ዋዜማ ለአባቴ ደወልኩና ዋስ እንዳጣሁ ነገርኩት።

«ሰው የላትም አሉ?» አለ።

«ሰው አይደለም የጠፋው አባዬ፣ ደመወዝ ያለው ሰው ነው የጠፋው።»

«ነገ እንመጣለን» ብሎ ዘጋው። «እመጣለሁ» አላለም፤ «እንመጣለን» ነው ያለው። ልብ ማለት ነበረብኝ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ፎርሙን ልመልስና ላመሰግናቸው ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሚኒባስ ከሱቁ ፊት ቆመ። መጀመሪያ አንድ ዘለላ ሙዝ ወረደ። ቀጥሎ በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ቦዬ፣ የአገራችን ሥራ ሥር፣ ወረደ። ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ አክስቴ፣ ከዚያ የእድራችን ዳኛ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ ከዚያ ሌሎች፤ አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ብዛታቸውን ሲያዩ ፊታቸው ከበደ። «ማን ሞተ?» አሉ በወላይትኛ።

«ማንም አልሞተም» አለ አባቴ። «ዋስ ነን።»

«የትኛችሁ?»

«ሁላችንም።»

ሐጂ በትዕግሥት አስረዱ። ነገሩ የሕግ ነገር እንደሆነ፣ ደመወዝ ወይ ንግድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ አንድ ሰው እንደሚበቃ ተናገሩ። ይህንን ሁሉ ያስረዱት በጥሩ ወላይትኛ ነው። የእድሩ ዳኛ ግን ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ ስለሆነ በአማርኛ መነገር አለበት ብለው ወስነው ነው ከቤት የወጡት፤ ማንም ከውሳኔያቸው አላነቃነቃቸውም። የእሳቸው አማርኛ ደግሞ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ይላል። እናም ሐጂ በወላይትኛ ሲናገሩ ሽማግሌው በአማርኛ እየመለሱ ቀጠሉ።

«ወረቀት ጥሩ ነው» አሉ ዳኛው። «ወረቀት እንጽፋለን። ግን ልጅ የምንሰጠው እኛ ነን። ይሄ ልጅ የእኛ ነው። አንተን ማን ያውቃል? አንተም ዋስ ያስፈልጋል።»

«እኔን?» ሐጂ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «ይህንን ሱቅ ከወጣትነቴ ጀምሮ እዚሁ ከፍቼ!»

«ሱቅ አየን። ሰው አላየንም።»

ከአባቴ ጀርባ ሆኜ ክንዱን ቆነጠጥኩት። «በሞቴ፣ ወደ ቤት ውሰዳቸው» አልኩ በጆሮው። አባቴ ዞሮ እንኳ አላየኝም። አገራችን ልጅ ለሰው ቤት ሲሰጥ ቤቱ ይጠየቃል፤ የሚሰጠው ለትዳርም ይሁን ለሥራ፣ ለእነሱ ያው ነው። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የረሳሁት ይህንን ነበር።

«ቆሞህ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው። ቆሞ ማለት ጎሳ ነው፤ ወላይታ ውስጥ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሐጂ ይቆጣሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቆመዋል፤ ቆፍያቸውን አስተካክለዋል። የስልጤ ሰው አባቶቹን ሲጠየቅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት፣ የእሱን አባት እያሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የሁለት እጃቸውን ጣቶች ጨርሰው እንደገና ከአውራ ጣት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ በእያንዳንዱ ስም «ኤ!» እያሉ ያጅቧቸዋል። ሲጨርሱ የእድሩ ዳኛ ጃንጥላቸውን ለአባቴ አቀብለው በተራቸው የራሳቸውን አባቶች ቆጠሩ። ሐጂም «ኤ!» አሉ። ጨርቅ የምትሸጠዋ ልጅ ሱቋን ጥላ መጥታ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። በቃ ተሳካ፣ አልኩ በልቤ፤ በደስታ አንድ ሙዝ ገንጥዬ ላጥኩ።

ሙዙን ሳልጎርሰው ዳኛው ቀጠሉ። «ከዚህ ልጅ በፊት እዚህ ማን ነበረ?»

ሐጂ ባንኮኒው ላይ ያለውን ካርቶን ማስተካከል ጀመሩ።

«ለምን ሄደ?»

«ሄደች» አሉ ሐጂ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ።

«የት ነው ያለው?»

የመለሰችው የጨርቅ ሻጯ ናት። «መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ከፍታለች» አለች። ዳኛው አባቴን፣ አክስቴንና አንድ ሌላ ሰው መርጠው ላኩ። ሙዙን አስቀመጥኩት። አንድ የተጠረጠረች፣ የተባረረችና የተቀየመች ልጅ ስለ ሐጂ ምን ብላ ልትመሰክር እንደምትችል ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። አባቴ እንጀራዬን በገዛ እጁ ሊደፋው በመናኸሪያው አቅጣጫ ሲገሰግስ ቆሜ አየሁ። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም፤ ግን አልቅሼ ለመጨረስ ጊዜ አላገኘሁም።

ምክንያቱም የቀሩት ስምንት ሰዎች በጫማ መለኪያው ዱካዎች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የገበያ ቀን ነው። አላፊ አግዳሚው ስምንት ሰው ባንዴ ጫማ ቤት ተቀምጦ ሲያይ አንድ ርካሽ ነገር ተገኘ ብሎ ገባ። ሱቁ አፍታም ሳይቆይ ሞላ። ይኼኛው ሸራ ጫማ ይላል፣ ያቺ ለልጇ የትምህርት ቤት ጫማ ትላለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? አርባ ሁለት ቁጥር አውርጂ እንጂ!»

አወረድኩ። ዋስ የሌላት፣ ያልተቀጠረች፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ካርቶን ማውረድ ጀመረች። ተንበርክኬ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ «ሲለበስ ይሰፋል» ብዬ ዋሸሁ፣ «አይ፣ ይህስ ይጠብዎታል» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። የእድሩ ዳኛም እግራቸውን ዘረጉልኝ። አርባ አራት ቁጥር ርዝመቱ ይበቃቸዋል፤ የወርዱ ነገር ግን በየትኛውም ፋብሪካ ታስቦ አያውቅም። ሦስት ዓይነት ሞክረን፣ አራተኛው ላይ ሁለታችንም እየሳቅን ተውነው። ለካስ ይህ ሥራ ደስ ይላል! የሰው እግር በእጅ ይዞ ከሰው ጋር መሳቅ። አሁን ይብስ ፈለግሁት።

ካርቶን ሳወርድና ስመልስ ሐጂን በዓይኔ ጥግ አያቸው ነበር። እጄን የሚከታተሉ መስሎኝ ነው። እሳቸው ግን የሚያዩት በሩን ነበር።

ሦስቱ መልእክተኞች ሲመለሱ የአክስቴ ከንፈር ላይ የአቦካዶ ጁስ ደርቋል። ለምስክርነት ሄደው ተጋብዘው ነው የመጡት። አባቴም የዳኛውን ትእዛዝ አክብሮ፣ እንደ እሳቸው ሴቷንም «እሱ» እያለ፣ በአማርኛ ተናገረ።

«ጠየቅን። ደመወዝ በቀኑ ይሰጣል አለ። ስታመም ሐኪም ቤት ወስዶኛል አለ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም አለ። አንድ ቀን ብቻ ሌባ ብሎኛል አለ። እኔ አልሰረቅሁም አለ።» አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ሲናገር አለቀሰ።»

ሐጂ የተከፈተ ካርቶን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ አስቀመጡት።

«አልሰረቀችም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ተናገሩ። አንድ ቀን ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ አራት ባዶ ካርቶን አገኙ። ጫማው የለም፣ መጋዘኑ ውስጥ ከእሳቸው በስተቀር የሚገባው እሷ ብቻ ናት። ጠየቋት፤ አላውቅም አለች፤ በቁጣ ያቺን ቃል ተናገሯት፤ እሷም ቁልፉን አስቀምጣ ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የቤሌ ነጋዴ ለሌላ ዕቃ መጣ። ወደ ቤሌ የሚወስዱ ነጋዴዎች አውቶቡስ ላይ ቦታ እንዳይወስድባቸው ጫማውን ከካርቶን አውጥተው በጆንያ ነው የሚያስሩት። ሰውየው እየሳቀ፣ «ባለፈው ካርቶኖቹን እዚያው ጥዬብዎት ሄድኩ አይደል?» አላቸው። ጫማውን የሸጡለት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ፤ ጁምዓ ቀን፣ ለሶላት እየተጣደፉ። ሸጠው ረስተውታል።

«በዓይኔ አየሁ ብዬ ነበር» አሉ ሐጂ። «ባዶውን ካርቶን በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን በዓይኔ አላምንም። ለዚህ ነው ወረቀት ይፍረድልኝ ያልኩት።»

ስለዚህ ያ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቃል የተጻፈው ሌባ ተፈርቶ አልነበረም። ዛሬ እኔም በተራዬ አሠሪ ሆኜ ሠራተኛ ስቀጥር የሚጠየቀውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ የድሮ አሠሪዋ ጋ እደውላለሁ፣ ዋስ አስሞላለሁ። ግን አንድ ነገር ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ራሴን ነው።

«ነግረኸዋል?» አሉ ዳኛው።

«አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

ዳኛው ጃንጥላቸውን ከአባቴ ተቀብለው ተነሡ። «እንግዲህ እንሂድ» አሉ። «አንተ እሱን ይቅርታ ሳትጠይቅ እኛ ልጅ አንሰጥም።»

ሐጂ በገበያ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ሰው የሞላበትን ሱቃቸውን ዘጉ። ያለካነውን ጫማ አስወልቀን ገበያተኛውን በይቅርታ አስወጣን። ከዚያ በመንገዱ ላይ ረጅም ሰልፍ ሆንን፤ ከፊት ዳኛውና ሐጂ፣ ከኋላ የተበላ ሰው ሁሉ፣ ከእነሱ ኋላ ነገሩን ሳያይ መሄድ ያልፈለገ ገበያተኛ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ስለ ራሴ እውነቱን ልናገርና፣ ይቅርታው እንዳይሳካ ተመኝቻለሁ። ቦታው አንድ ነው። እሷ ከተመለሰች እኔ በሚኒባሱ ከባዶው ማዳበሪያ ጋር ወደ ተበላ እመለሳለሁ። እንዲህ በማሰቤ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ ልጅቷን አይቻት እንኳ አላውቅም።

ጁስ ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ መፍጫ፣ በቅርጫት የተቆለለ አቦካዶ። ልጅቷ ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። ሐጂን በር ላይ ስታያቸው መፍጫውን አስነሣችው። ማሽኑ እያጓራ ሐጂ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ ሐጂ?» አለች፤ ማሽኑን ግን አላጠፋችም።

ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አጥፍቻለሁ! ይቅር በይኝ ልጄ!»

«አልሰማሁም!»

የሰማች መሆኗን ሁላችንም አውቀናል። አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ሐጂ ቆፍያቸውን አወለቁና መናኸሪያው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «አልሰረቅሽም! የሸጥኩት እኔ ነኝ! የረሳሁት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ያኔ ማሽኑን አጠፋች። ከባንኮኒዋ ወጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ሐጂ ቀድመው ትከሻዋን ያዟት፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘርግተው በወላይትኛ መረቁ። እኔም ደስ አለኝ። እውነት ነው፣ ሥራዬ እያመለጠኝ ደስ አለኝ፤ ሰው ሲታረቅ ማየት እንዲህ ነው።

«ቦታሽ አለ» አሏት ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዛሬውኑ ግቢ።»

ልብሴን ጨብጬ ቆምኩ። ልጅቷ ሐጂን አየች፣ አቦካዶዋን አየች፣ ከዚያ ሕዝቡን አልፋ እኔን አየች።

«ዋስ ያጣችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለ አባቴ።

«እኔ ሥራ አለኝ ሐጂ» አለች። ወደ ግድግዳው ዞራ በመስተዋት ተለብጦ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃዷን አወረደችና በሽርጧ ጠረገችው። «ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ አይደል የሚሉት? እኔ እሆናታለሁ። ፎርሙ የት አለ?»

ከፌስታሌ አወጣሁት፤ አባቴ ተቀብሎ ሰጣት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለማታውቃት ልጅ ታማኝነት ኃላፊነት እንደምትወስድ ሞልታ ፈረመች። ፎርሙን ለሐጂ ስታቀብላቸው ጣቷን በመጨረሻው ገጽ ግርጌ አንድ ሳጥን ላይ አሳረፈች። ከመሥሪያ ቤቱ ፎርም ጋር አብሮ የተገለበጠ፣ ሐጂም እኔም አንብበነው የማናውቅ ሳጥን ነው። «የዋሱን ታማኝነት ያረጋገጠው ሰው ስም፣ ፊርማና ማኅተም» ይላል።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስማቸውን ሙሉ በሙሉ፣ ከነአያታቸው ጻፉ። ፈረሙ። የሱቃቸውን ማኅተም ከኪሳቸው አውጥተው፣ እፍ ብለውበት፣ አሳርፈው መቱ።

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ያን ሳጥን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሐጂ፣ ለእኔም አንድ ፎቶ ኮፒ ይነሣልኝ» አለች። «ገሱባ ላለችው እናቴ የማሳየው። ወሬው እዚያ ደርሶ ነበር።»

ከመካከላችን ሄዶ ላስነሣ ያለ ብዙ ነበር። ሐጂ ግን ወረቀቱን ለማንም አልሰጡም። መንገዱን ራሳቸው ተሻግረው ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡና አሥር ኮፒ አስነሥተው፣ በአሥሩም ላይ ማኅተም መትተው ተመለሱ።